የአልጋ ባቡር ሠራተኞች መሪ ሚስተር ፊሊፕ ራንዶልፍ

በአሜሪካ የሠራተኞች ማኅበራት ታሪክ ስማቸው በክብር ከሚነሣው መሪዎች አንዱ ሚስተር ፊሊፕ ራንዶልፍ ናቸው። በ1968 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ነው) ለ43 ዓመታት ከመሩት ማኅበር በጡረታ ሲሰናበቱ ዕድሜያቸው 79 ዓመት ሆኖ ነበር።

ማኅበሩ የአልጋ ባቡር አስተናጋጆች ወንድማማችነት ማኅበር ይባል ነበር። አሜሪካ ሰፊ አገር በመሆኑ ረዥም መንገድ የሚሄድ ባቡር ሌሊቱን ሁሉ ሲጓዝ ያድራል። የፑልማን ኩባንያም አልጋ ያለባቸውን ፉርጎዎች እያሠራ ከየባቡሩ ጋር ያስቀጥል ነበር። በነዚህ ፉርጎዎች አልጋ የሚያነጥፉት፥ ሻንጣ የሚሸከሙት፥ ተሳፋሪው ሲተኛም ጫማውን የሚወለውሉት ጥቁር አሜሪካውያን ነበሩ። መንገደኛው ስማቸውን አይጠይቅም፤ የኩባንያውን መሥራች የጆርጅ ፑልማንን ስም ወስዶ ሁሉንም «ጆርጅ» እያለ ይጠራቸዋል። ባሪያ በጌታው ስም ይጠራ ከነበረበት ዘመን የተረፈ ልማድ ነው።

በ1920ዎቹ ዓመታት አንድ አስተናጋጅ ሙሉ ደመወዙን ለማግኘት በወር 400 ሰዓት ያህል መሥራት ወይም 11,000 ማይል መጓዝ ነበረበት። ደመወዙም 67 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነበረ። የጫማ ቀለሙን ከኪሱ ይገዛል፤ ባቡሩ ከመነሣቱ በፊት ፉርጎውን ሲያሰናዳ የሚያጠፋው ጊዜም አይቈጠርለትም። ጉድለቱን የሚሞላው ተሳፋሪው ደስ ሲለው በሚሰጠው ጉርሻ ነበር። ጉርሻ ደግሞ፥ እንደሚታወቀው፥ ሰውን ሳይወድ ፈገግ ማለት ያስለምዳል።

ኦገስት 25 ቀን 1925 ዓ.ም. በኒውዮርክ ሐርለም ማኅበሩ ሲቋቋም የተመረጡት መሪ አንድ ቀን እንኳ አልጋ አንጥፈው የማያውቁ ነበሩ። ፍሎሪዳ የተወለዱ የቄስ ልጅ፥ በሙያቸውም የመጽሔት አዘጋጅ ነበሩ። የምርጫው ጥበብ እዚህ ላይ ነው፤ ኩባንያው የማይቀጥረውን ሰው ሊያባርር አይችልምና። አባላቱን ግን በሰላዮች እያስጠና ከሥራ ያስወጣቸው ነበር።

በ1928 ዓ.ም. የተጠራው የሥራ ማቆም አድማ በመጨረሻው ሰዓት ሲሰረዝ ብዙዎች ተስፋ ቈርጠው ማኅበሩን ለቀቁ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የቀሩት አባላት ከአንድ ሺህ በታች ነበሩ፤ ለጽሕፈት ቤቱ ኪራይ የሚሆን ገንዘብ እንኳ ጠፋ። ስለ ሚስተር ራንዶልፍ የሚጻፈው ብዙ ነው፤ ስለ ባለቤታቸው ስለ ወይዘሮ ሉሲል የሚነገረው ግን ከሚገባው ያነሰ ይመስለናል። ባሏ ለትግሉ ሲሮጥ ብዙ ዘመን ጓዳውን የደገፈው የእርሷ የፀጉር ሥራ ገቢ ነበር።

በ1934 ዓ.ም. የባቡር ሠራተኞች ሕግ ተሻሽሎ እነዚህንም ሠራተኞች አካተተ። በ1935 ዓ.ም. ሠራተኞቹ ድምፅ ሰጥተው ማኅበራቸውን መረጡ። ማኅበሩ በተቋቋመ ልክ በ12 ዓመቱ፥ ኦገስት 25 ቀን 1937 ዓ.ም.፥ ኩባንያው ውሉን ፈረመ። የወሩ ሥራ 240 ሰዓት ሆነ፤ ደመወዝም ተጨመረ።

ከዚያ በኋላ ያለው በሰፊው የታወቀ ነው። በ1941 ዓ.ም. ሕዝብ አሰልፈው ዋሽንግተን እንደሚገቡ ቢያስጠነቅቁ፥ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በመከላከያ ፋብሪካዎች የዘር ልዩነት እንዳይደረግ አዘዙ። በ1963 ዓ.ም. ያ ሰልፍ ሲፈጸም ከፊት ከቆሙት አንዱ እኒሁ ሽማግሌ ነበሩ። ብዙ ሰው የማያስታውሰው ግን በ1955 ዓ.ም. ሮዛ ፓርክስ ሞንትጎመሪ ላይ በታሰረች ጊዜ ዋስ ሆነው ካስፈቷት መካከል ሚስተር ኢ. ዲ. ኒክሰን መኖራቸው ነው። እርሳቸውም የፑልማን አስተናጋጅና የዚያች ከተማ የማኅበሩ ቅርንጫፍ መሪ ነበሩ።

እርግጥ አንድ ሰው በአንድ ወንበር 43 ዓመት መቀመጡ ሁልጊዜ የሚመሰገን አይደለም። ሚስተር ራንዶልፍ ግን ከወንበሩ ሀብት ይዘው አልወረዱም። ስፍራቸውን ለካሊፎርኒያው ሰው ለሚስተር ሲ. ኤል. ዴሉምስ አስረከቡ።

ያን ጊዜ ሙያው ራሱ እየሞተ ነበር። መንገደኛው ወደ አውሮፕላንና ወደ መኪና ዞሮ ነበርና፥ ሚስተር ራንዶልፍ በተሰናበቱበት በዚያው ዓመት መጨረሻ የፑልማን ኩባንያ የአልጋ ባቡር አገልግሎቱን አቆመ። የተፈራረሙት ሁለቱም ወገኖች ከስፍራው ሲለቁ አሥር ዓመት እንኳ አልፈጀም፤ በ1978 ዓ.ም. ማኅበሩ ከባቡርና ከአየር መንገድ ጸሐፊዎች ማኅበር ጋር ተቀላቀለ። ሚስተር ራንዶልፍም በተከተለው ዓመት፥ በሜይ 1979፥ በ90 ዓመታቸው ኒውዮርክ ውስጥ ዐረፉ።