ውሃ ውስጥ ያለ ሁሉ ዓሣ ነውን?

ማታ ትምህርት ላይ «ዓሣ» የሚለውን ቃል ስናነብ አንድ አባት፣ «ባሕር ውስጥ የሚኖር ሁሉ ዓሣ አይደለም እንዴ?» ብለው ጠየቁን።

አይደለም። ጉማሬን ታውቁት የለም? ቀኑን ሙሉ ውሃ ውስጥ ቢውልም ዓሣ ነው የሚለው የለም። እስቲ ደግሞ ሁለት የባሕር እንስሳት እንይ። አንዱ ማንታ ይባላል፤ ሌላው አቆስጣ። እኔም በሥዕል እንጂ በዓይኔ አላየኋቸውም።

ማንታ ሰፊና ጠፍጣፋ ነው። ጎንና ጎኑን እንደ ክንፍ ዘርግቶ ይዋኛል። ትልቁ ዓይነት ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ 7 ሜትር ሊደርስ ይችላል። በቀይ ባሕርም ይገኛል። ይህ ዓሣ ነው፤ የሻርክ ዘመድ። ሳንባ የለውም፤ ውሃ ውስጥ ያለውን አየር በስንጥቡ ይስባል። ጠንካራ አጥንትም የለውም። ጆሮአችሁን እጠፉት፤ ይታጠፋል አይደል? የማንታ አጥንት እንደዚያ ያለ ነው።

አቆስጣ ግን እንደ ላም ጡት አጥቢ ነው። በዘር ደግሞ ከላም ይልቅ ለውሻ ይቀርባል። ፀጉር አለው። ሳንባ ስላለው ለመተንፈስ ከውሃ ብቅ ይላል። የሚወልደው የብስ ላይ ወጥቶ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። ፈንግል ገብቶ ዶሮዎቻችሁን ቢጨርስ፣ አንዲት ዶሮ ብዙ ስለምትፈለፍል ቶሎ ትተካላችሁ። ላሞች ቢያልቁስ? ማንታ ከላምም ይብሳል። እናቲቱ የምትወልደው አንድ ብቻ ነው፤ እስክትደግም ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ልትቆይ ትችላለች። ሰው ግን ስንጥቡን ለመድኃኒት እያለ በእስያ ገበያ ይሸጠዋል። ለሌላ ዓሣ በተጣለ መረብም ይያዛል። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት የመጥፋት አደጋ ያለባቸውን እንስሳት በቀይ መዝገብ ይጽፋል። ትልቁ ማንታ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2020 ደረጃው ባሰበት፤ አደጋው ወደ ከፋው መደብ ተዛወረ።

የሜዲትራኒያን ባሕር አቆስጣም ብዙ መከራ አይቷል። መረብ ይቀድዳል፣ ዓሣ ይበላብናል እያሉ ዓሣ አጥማጆች ይገድሉት ነበር። ዝንጀሮ ማሳ ሲገባባችሁ እንዴት እንደምትቆጡ እናንተ ታውቁታላችሁ፤ በእነሱም አይፈረድም። በኋላ ግን መግደሉ ተከለከለ፤ የሚወልድባቸው ዋሻዎችም መጠበቅ ጀመሩ። በ2023 አደጋው አንድ ደረጃ ቀለለት። ቢሆንም ለመውለድ የደረሱት ዛሬም 1,000 አይሞሉም።

በአሜሪካ በኩል በካሪቢያን ባሕር ይኖር የነበረው ዘመዱ ከ1952 ወዲህ አልታየም። በ2008 ጠፍቷል ተብሎ ታወጀ።