የልጄ ሞተር፣ የእኔ ኪሎ፣ የእናቴ ወገብ

እናቴ ሞተር ላይ ስትቀመጥ አታወራም። ሁለት እጇን ሆዴ ላይ ታቆላልፍና ግንባሯን ጀርባዬ ላይ አስደግፋ ዱዓዋን ታደርጋለች። ከገጠር ቀበሌያችን እስከ ደጎሎ ወደ 40 ደቂቃ ይፈጃል። በየወሩ የደም ግፊት መድኃኒቷን የምትወስደው ከዚያ ስለሆነ መንገዱን እኔም እሷም በቃላችን እናውቀዋለን። ባለፈው ኅዳር ግን አንድ ቦታ ላይ ጮኸች።

ጃማን የሚያውቅ ሰው መሬቱን ያውቃል፤ ዋልካ ነው። ክረምት ላይ ጎማ ይዞ አይለቅም። ዝናቡ ሲያቆም ደግሞ የመኪና ጎማ የቀደደው ቦይ እንዳለ ይደርቅና እንደ ሸክላ ይጠነክራል። ከእነዚያ ቦዮች አንዱን ቀስ ብዬ ነበር የተሻገርኩት። የፊቱ ጎማ በሰላም አለፈ። የኋላው ሲወድቅ ግን ከሥራችን ብረት ከብረት ጋር ሲጋጭ እንደሚሰማው ‹‹ጓ!›› የሚል ድምፅ ወጣ። እናቴም ‹‹ያ ረቢ! ወገቤን!›› አለች።

ሦስት ሳምንት ተኛች። ያያት ሐኪም ስብራት እንደሌለ ነግሮን እፎይ አልን፤ ከዚያ በኋላ የነገረን ግን እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። ሴቶች የወር አበባ ካቆሙ በኋላ አጥንታቸው እየሳሳ ይሄዳል፤ በእሷ ዕድሜ የጀርባ አጥንት ለመሰንጠቅ መውደቅ አያስፈልገውም፤ በተቀመጡበት ከሥር የሚመጣ አንድ ኃይለኛ ምት ይበቃዋል። ያን ቀን የተረፈችው በእኔ ጥንቃቄ አልነበረም።

እኔ መንገዱን ረገምኩ። በአጠገቤ ያለፈ ሰው ሁሉም አብሮኝ ረገመ። አንድ ወጣት መካኒክ ብቻ ሞተሩን ዞር ዞር ብሎ አየና ‹‹ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ስንት ኪሎ ነዎት?›› አለኝ።

ጥያቄው ደስ አላለኝም። ሰው ፊት ኪሎ ይጠየቃል እንዴ? ሆኖም ነገሩ ወዲህ ነው። ሞተሩን ሁለት ዓመት የነዳው ልጄ ነበር፤ ደሴ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ለእኔ ተረፈ። ልጄ 56 ኪሎ ነው። እኔ 86 ነኝ። መካኒኩ ከኋላ ጎማው አጠገብ ቁጢጥ ብሎ በሁለቱ አሞርዛተሮች ግርጌ ያለውን ጭቃ በጣቱ ጠረገና ቀለበቱን አሳየኝ። ‹‹ይኸው፣ የመጨረሻው ዝቅተኛ ደረጃ ላይ ነው ያለው። ይቺ ሞተር እስካሁን የተሸከመችው ልጅዎን ይመስላታል›› አለኝ።

ለካስ ይኸ ቀለበት የሚዞር ነገር ኖሯል። እንደ እኔ ሳያውቅ ዓመታት የሚነዳ ሰው ብዙ እንደሆነ ስለተረዳሁ ከመካኒኩ የተማርኩትን እንዳለ ልንገራችሁ።

ከኋላ ጎማው ግራና ቀኝ የቆሙት አሞርዛተሮች እያንዳንዳቸው ሁለት ሥራ አላቸው። ከውጭ የሚታየው ጥምዝምዝ ብረት ሞላው ነው፤ ክብደቱን የሚሸከመው እሱ ነው። ከውስጥ ያለው ዘንግና ዘይት ደግሞ የታመቀው ሞላ ሲለቀቅ እየዘለለ እንዳይቀጥል ያረጋጋዋል። ቀለበቱ ያለው በሞላው ጫፍ ሲሆን ጠርዙ እንደ ደረጃ የተቆረጠ ነው። እንደ ሞተሩ ዓይነት ሦስት፣ አራት ወይም አምስት ደረጃ ይኖረዋል። ባዞራችሁት ቁጥር ሞላውን ገፋ አድርጎ ገና ሰው ሳይቀመጥበት ጠበቅ ያደርገዋል። አንዳንዱ ሞተር ሞላው ድርብ ነው፤ በየመንገዱ የምናየው የህንዱ ቦክሰር ለምሳሌ ሞላ ውስጥ ሌላ ሞላ አለው። (የቦክሰር አምራች ኩባንያ ስሙ ባጃጅ ነው፤ እኛ ግን ስሙን ወስደን ለባለሦስት እግሯ ሰጠነው።)

ሞተር ሰው ሲቀመጥበት ዝቅ ማለቱ ጥፋት አይደለም። ዝቅ ማለት አለበት። ጎማው ጉድጓድ ሲያገኝ ወደ ታች ተዘርግቶ መሬቱን የሚከተለው በዚያ ዝቅታ ምክንያት ነው። ቁም ነገሩ መጠኑ ነው። የኋላው ጎማ ወደ ላይና ወደ ታች ከሚንቀሳቀስበት ርቀት ውስጥ ነጂው በመቀመጡ ብቻ የሚያልቀው ከአራት አንድ እጅ እስከ ሦስት አንድ እጅ ቢሆን ጥሩ ነው ይላሉ የሙያው ሰዎች። የቀረው ለጉድጓዱና ለጉብታው ይጠበቃል። የእኔ ሞተር ጎማው የሚንቀሳቀሰው 11 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ እኔ ስቀመጥ ከ3 እስከ 3.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ቢወርድ ደግ ነው ማለት ነው።

በቤታችን ልኬቱን የሠራነው በልብስ ስፌት ሜትር ነው። ሞተሩን በሁለት እግር ማቆሚያው አቆምኩት፤ የኋላ ጎማው ከመሬት ተነሣ። ከጎማው መሐል ካለው ዳዶ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ፣ ከመቀመጫው ሥር ባለው ብረት ላይ በፕላስተር ምልክት አደረግሁና ለካሁ፤ 40 ሴንቲ ሜትር። ከዚያ ከማቆሚያው አውርደነው ጎረቤት መሪውን ቀጥ አድርጎ ያዘልኝ፤ እኔ ተቀመጥኩ፣ ባለቤቴ ለካች። 35.5። ብቻዬን 4.5 ሴንቲ ሜትር ጨርሻለሁ። እናቴ ‹‹ልጄ፣ ደግሞ ምን ልታደርገኝ ነው?›› እያለች ከኋላዬ በቀስታ ተቀመጠች፤ 32። ያን ቀን ከኋላ አስረነው የነበረውን 15 ኪሎ የጤፍ ዱቄት ስንጨምርበት 31 ሆነ። ከ11 ሴንቲ ሜትር ውስጥ 9ኙ ቆመን ሳለን አልቋል። ለዚያ ደረቅ ቦይ የቀረችው 2 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነበረች። ሁለቱ ሲያልቁ የሚመታው ብረት ነው፤ ከብረቱ ቀጥሎ ያለው የእናቴ ወገብ ነበር።

ባለቤቴ ሜትሩን እንደያዘች ዝም ብላ አየችኝ። እኔም መንገዱን መርገሜን አቆምኩ።

ቀለበቱን ለማዞር ጥርስ ያለው መንጠቆ መሰል መፍቻ አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ ሞተሩ አዲስ ሲገዛ ከመቀመጫው ሥር ባለው የመፍቻ ከረጢት ውስጥ ይገኛል። እኛ ዘንድ ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም ሳይነካው ተቀምጧል። ከማዞር በፊት ጭቃውን ማጠብ ይገባል፤ አለበለዚያ መፍቻው ይንሸራተትና ጣት ይልጣል። ግራውና ቀኙ ሁልጊዜ እኩል ደረጃ ላይ መሆን አለባቸው። ካልሆኑ ሞተሩ ኩርባ ላይ ወደ አንድ ወገን ይሳባል። የእኛው አምስት ደረጃ አለው። ከአንደኛው ወደ ሦስተኛው ሳዞረው ብቻዬን 4.5 የነበረው 3.3 ሆነ። አምስተኛው ላይ አድርጌ ከእናቴ ጋር ስንቀመጥ 8 የነበረው 5.6 ሆነ። አሥር ደቂቃ አልፈጀም፤ ያስወጣኝ ገንዘብም የለም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ፤ እኔም ተሳስቼ ነበር። ቀለበቱን ማጥበቅ ሞላውን ጉልበታም አያደርገውም። ሞላው ያው ነው፤ ከፍ ብሎ እንዲጀምር ብቻ ነው የሚያደርገው። የመጨረሻው ደረጃ ላይ አድርጋችሁት ብቻችሁን ስትቀመጡ አሁንም ከሲሶው በላይ ከወረደ ቀለበቱ መፍትሔ አይሆንም፤ ወፈር ያለ ሞላ ያለው አሞርዛተር ያስፈልጋል። ዘይቱ ያለቀ አሞርዛተርንም ቀለበት አያድነውም። ይህን ለማወቅ የሞተሩን ጅራት በሁለት እጅ በኃይል ወደ ታች ተጭኖ መልቀቅ ነው። ጤነኛው ተመልሶ ይቆማል፤ የሞተው እንደ አልጋ ምንጣፍ ሁለት ሦስት ጊዜ ይዘልላል። ዘንጉ ላይ እርጥብ ዘይት ከታየ ጎሚኒው ተበልቷል።

ከዚህ ሁሉ የበለጠ ያሳሰበኝ ግን ሌላ ቁጥር ነው። የሞተሩ መመሪያ የሚፈቅደው ጠቅላላ ጭነት፣ ነጂውን ጨምሮ፣ 130 ኪሎ ይላል። እናቴን ወፍጮ ቤት ወስጄ በእህል ሚዛን አስመዘንኳት። ‹‹ዱቄት አደረግኸኝ›› ብላ ሳቀች፤ 44 ኪሎ ነች። 86 እና 44 ሲደመር ልክ 130 ነው። ዱቄቱ ምንም ቦታ አልነበረውም ማለት ነው። ቀለበቱን የቱንም ያህል ብናዞረው ይህን ቁጥር ከፍ አያደርገውም፤ ፍሬኑ፣ ጎማው፣ የጎማው ሽቦና ሻንሲው የተሠሩት ለዚያው ነው። ደጎሎ ገበያ ቀን አባት፣ እናትና ሁለት ልጅ በአንድ ሞተር ሲሄዱ አይቻለሁ፤ እኔም ልጆቼ ትንንሽ ሳሉ አድርጌዋለሁ። እንግዲህ በዚያን ጊዜ የሞተሩን ኪሎ የሚቆጥር አልነበረም፤ የልጆቹን ቁጥር ብቻ ነበር የምንቆጥረው።

ይህን ሁሉ ለአጎቴ ብነግረው አልተገረመም። ዕድሜውን በበቅሎ ጭነት ያሳለፈ ሰው ነው። ጃማንና መርሐቤቴን ወደሚለየው ወደ ወንጪት ሸለቆ ከመውረዱ በፊት ሁልጊዜ አፋፉ ላይ ቆሞ ጭነቱን ፈትቶ እንደገና ያስር እንደነበር አጫወተኝ። ቁልቁለት ላይ ኮርቻው ወደ አንገት እንዳይሄድ ከጭራው ሥር የሚያልፈውን ጠፍር ያሳጥራል፤ አቀበት ላይ የደረቱን። ‹‹በቅሎዪቱ ያው ናት፤ አገሩና ጭነቱ ሲለወጥ ግን ማሰሪያው ይለወጣል። እናንተ ሞተር ስለሆነ አትጠይቅም ብላችሁ ነው?›› አለኝ። ዱቄቱን የት አስሬው እንደነበር ጠየቀኝ። ከእናቴ ኋላ፣ ፍርግርጉ ጫፍ ላይ ስለው ራሱን ነቀነቀ። ልክ ነው፤ ከኋላ ጎማው መሐል አልፎ የተጫነ ዕቃ የኋላውን ሲጫን የፊቱን ያነሣል። የፊቱ ሲቀል መሪው ይዋልላል፣ የፊት ፍሬኑም መሬት የሚይዝበት ኃይል ያንሰዋል። ማታ ከሆነ መብራቱ ቅርብ ያለውን ጉድጓድ ትቶ የመጪውን ሰው ዓይን ይወጋል። አጎቴ ይህን ሁሉ አልነገረኝም፤ ያለው ‹‹ከወገቧ ኋላ ከጫንክ በቅሎም ትሰበራለች›› ብቻ ነው።

የፊቱን ሹካ አልነካሁትም። እንደ እኔ ባለው ሞተር ላይ ብዙውን ጊዜ የሚዞር ነገር የለውም፤ ወፈር ያለ ዘይት ማድረግ ወይም ከሞላው ላይ ማስረዘሚያ ማስገባት ይቻላል፤ ግን የመካኒክ ሥራ ነው፣ የተጨመረው ክብደት አብዛኛው የሚያርፈውም ከኋላ ነው። ሁለት ነገር ግን አብረው መታየት አለባቸው። አንደኛው የጎማ ነፋስ ነው፤ ለአንድ ሰውና ለሁለት ሰው ፋብሪካው የተለያየ መጠን ይጽፋል፤ ጎሚስታው በአውራ ጣቱ ተጭኖ ‹‹ይበቃል›› ሲላችሁ አትቀበሉት፣ ይለካ። ሌላው ካቴናው ነው። ኋላው ዝቅ ሲል የካቴናው ልልነት ስለሚለወጥ ሰው ተቀምጦበት ሳለ ማየት ይበጃል፤ የተወጠረ ካቴና ጉድጓድ ላይ ይበጠሳል።

እናቴ ድሮ በጎን ነበር የምትቀመጠው፤ ለቀሚስ ይመቻል ብላ። በጎን የተቀመጠ ሰው ግን እግሩን ተክሎ ከመቀመጫው ትንሽ ብድግ ማለት አይችልም፤ ምቱን ሁሉ የሚቀበለው በወገቡ ነው። አሁን ከቀሚሷ ሥር ሱሪ አድርጋ እንደ ወንድ ትቀመጣለች። ነጠላዋ ጎማና ካቴና ውስጥ እንዳይገባ ጫፉን ትሸጉጣለች። መጥፎ ቦታ ስንደርስ ‹‹ተነሽ›› እላታለሁ፤ እግሯን መርገጫው ላይ ጠንክራ ትከሻዬን ይዛ ትንሽ ከፍ ትላለች። ወጣቶቹ ያዩዋትና ይስቃሉ። እሷም ትስቃለች።

ጥር ላይ ያንን ቦይ እንደገና ተሻገርነው። ዱቄቱን በመኪና ልከነዋል። የፊቱ ገባ፣ ወጣ፤ የኋላውም ገባ፣ ወጣ። እናቴ ዱዓዋን አላቋረጠችም።

ልጄ ለዕረፍት ሲመጣ እንደ ልማዱ ሞተሩን አስነሥቶ ገበያ ደርሶ ተመለሰና ‹‹አባዬ፣ ሞተሩን ምን አደረግኸው? ጠጠር ላይ ሁሉ ያነጥረኛል እኮ!›› አለኝ። እውነቱን ነው። ለ130 ኪሎ የተጠበቀ ሞላ ለ56 ኪሎ ደረቅ ግንድ ነው፤ ጎማውም ከመሬት እየለቀቀ ይዘልላል። ከመቀመጫው ሥር ያለውን መፍቻ አውጥቼ ሰጠሁትና እስከ ስንተኛው ደረጃ እንደሚመልሰው ራሱ እንዲለካ ሜትሩን ከእናቱ እንዲቀበል ነገርኩት።