የደነዘ ሰንጢ፣ ያመለጠ እሳት

ተራራ መውጣትንና ገደል ለገደል መሄድን ስፖርቴ ብለው በያዙ ሰዎች ዘንድ የቢላዋ ወሬ ከተነሳ የአሮን ራልስተን ስም ሳይጠራ አይቀርም። አሜሪካዊ ነው። ኢንቴል በተባለው የኮምፒውተር ኩባንያ የነበረውን የኢንጂነርነት ሥራ ጥሎ ኑሮውን ከኮሎራዶ ተራሮች ጋር ያደረገ የ27 ዓመት ወጣት ሳለ፣ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 26 ቀን 2003 ዩታ ግዛት ውስጥ ብሉጆን ወደሚባለው ጠባብ የድንጋይ ሸለቆ ብቻውን ገባ። ወዴት እንደሚሄድ ለማንም አልተናገረም።

ሸለቆውን ሲወርድ ከቦታው የተንሸራተተ ቋጥኝ ቀኝ እጁን ከግድግዳው ጋር አጣብቆ ያዘው። ቋጥኙ 360 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። ሊገፋው ሞከረ፣ በገመድ ሊስበው ሞከረ፣ ወይ ፍንክች! በእጁ የቀረው ፒንሳና ሁለት ትንንሽ ስለቶች ያሉት አንድ ርካሽ ተጣጣፊ መሣሪያ ነበር። ራሱ በኋላ እንደተናገረው፣ የ15 ዶላር የእጅ ባትሪ ለገዛ ሰው በምራቂ የሚሰጥ ዓይነት ዕቃ ነው። በዚሁ መሣሪያ ድንጋዩን ልፈልፍል ብሎ ሲታገል ትልቁን ስለት ዶልዱም አደረገው። አምስት ቀን አለፈ፣ ውሃውም አለቀ። በስድስተኛው ቀን የክንዱን ሁለት አጥንቶች በራሱ ጉልበት ሰበረ። ከዚያም ሥጋውን በትንሿ ስለት፣ ጅማቱን በፒንሳው እየቆረጠ እጁን እዚያው ጥሎ ወጣ። ይህ ሁሉ አንድ ሰዓት ገደማ ፈጀ። በቀረችው አንድ እጁ 20 ሜትር ገደል በገመድ ወርዶ፣ ኪሎ ሜትሮችን በእግሩ ተጉዞ ከሆላንድ የመጡ አገር ጎብኚ ቤተሰቦች ካገኙት በኋላ በሄሊኮፕተር ተወሰደ። ታሪኩ እ.ኤ.አ. በ2010 «127 ሰዓታት» በሚል ርዕስ ፊልም ሆኖ ዓለም አየው። ይበልጥ የሚገርመው ግን ሰውየው ተራራውን አለመተዉ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 በኮሎራዶ ከ14 ሺህ ጫማ (4 ሺህ 267 ሜትር) በላይ ከፍታ ያላቸውን ተራሮች በሙሉ፣ በበረዶው ወራት ብቻውን ወጥቶ የጨረሰ የመጀመሪያው ሰው ለመሆን በቅቷል።

እርግጥ ነገሩን ማጋነን አይገባም። ራልስተን የዓለምን ምርጥ ቢላዋ ቢይዝ ኖሮም ቋጥኙ አይነሳለትም፤ አጥንትም በቢላዋ አይቆረጥም። የዋለበትን ለሰው ቢናገር ግን ፈላጊ ቶሎ ይደርስለት ነበር። ቢሆንም ከዚያ ወዲህ ተራራ ወጪዎች ቦርሳቸውን ሲያሰናዱ አንድ ጥያቄ ይዘው ነው። ክፉ ቀን ቢመጣ በእጄ ያለው ብረት ምንድን ነው?

መልሱ በአብዛኛው የማይታጠፍ ቢላዋ ሆኗል። ሰንጢ ለኪስ ይመቻል፣ ብርቱካን ለመላጥም ያህል ምንም አይወጣለት። ችግሩ መጋጠሚያው ላይ ነው። ስለቱ ከእጀታው ጋር የሚገናኘው በአንዲት ትንሽ ምስማር በመሆኑ ጫና ሲበዛበት ይላላል፣ ቆላፊ ከሌለው ደግሞ ተመልሶ ጣት ላይ ይዘጋል። አሸዋና ጭቃም ይገባበታል። የማይታጠፈው ግን ከጫፉ ጀምሮ እጀታው ውስጥ እስከሚገባው ጅራቱ ድረስ አንድ ወጥ ብረት ነው። የሚፈታ ነገር የለውም፣ የሚላላም የለውም። ጓንት ባጠለቀና በብርድ በደነዘዘ እጅ ከአፎቱ መዝዞ መጠቀም ይቻላል። የአገራችን ባላገር ከሰንጢ ይልቅ ካራ የሚመርጠው ያለ ምክንያት አይደለም።

የማይታጠፍ ሲባል ታዲያ የብዙ ሰው ሐሳብ ወደ ራምቦ ይሮጣል። እ.ኤ.አ. በ1982 በወጣው የመጀመሪያው ፊልም ላይ ሲልቬስተር ስታሎን የያዘው ያ ጀርባው እንደ መጋዝ የተጠረሰ፣ እጀታው ክፍት ሆኖ ክብሪትና የዓሣ ማጥመጃ ክር የሚይዝ ትልቅ ቢላዋ በየቪዲዮ ቤቱ ስንቱን ወጣት አስቀንቷል! ለፊልሙ የተሠራው ቢላዋ የባለሙያ እጅ ያረፈበት ነበር። ከእሱ በኋላ ገበያውን ያጥለቀለቁት ርካሽ ቅጂዎች ግን ሌላ ናቸው። እጀታው ክፍት ከሆነ የስለቱ ጅራት የሚገባበት ቦታ አጥቶ አጭር ሆኖ ይቀራል። አንድ ሁለቴ እንጨት ሲመታበት ስለቱ ወደ አንድ ወገን፣ እጀታው ወደ ሌላ ወገን። መልኩ ኮማንዶ፣ ሥራው ባዶ!

እውነተኛው የጫካ ቢላዋ ለማየት ስዊድን መሄድ ያስፈልጋል። የበረዶ ሸርተቴ ስፖርት የሚከታተሉ ሰዎች ሞራ የምትባለውን ከተማ ያውቋታል። ከእ.ኤ.አ. 1922 ጀምሮ የሚካሄደውና በየዓመቱ በማርች ወር በሺህ የሚቆጠሩ ተወዳዳሪዎች 90 ኪሎ ሜትር በሸርተቴ የሚጓዙበት የቫሳሎፐት ውድድር የሚያበቃው እዚያ ነው። ከሞራ ጥግ ኦስትኖር የምትባል መንደር አለች። ከአሜሪካ ሥራ የተመለሰ ፍሮስት ኤሪክ ኤርሶን የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1891 እዚህች መንደር የእንጨት መጎተቻ ሸርተቴዎች ፋብሪካ ከፈተ። ለሥራው ቢላዋ ያስፈልግ ስለነበረ ቢላዋውንም እዚያው ይሠሩ ጀመር። ቀስ በቀስ ቢላዋው ሸርተቴውን በለጠው። ዛሬ ሞራክኒቭ በሚባል ስም ዓለም የሚያውቀው ኩባንያ የተወለደው በዚህ መንገድ ሲሆን፣ የአሁኑን ቅርጹን የያዘው በመንደሯ ያሉ ሁለት ተፎካካሪ ቢላዋ ሠሪዎች እ.ኤ.አ. በ2005 ሲዋሃዱ ነው።

የሞራ ቢላዋ ለዓይን ምንም አይደለም። ኮምፓኒየን የሚባለውና በብዛት የሚሸጠው ዓይነት ስለቱ 10 ሴንቲ ሜትር ተኩል አይሞላም፣ ውፍረቱም 2 ሚሊ ሜትር ተኩል ብቻ ነው። እጀታው ጎማ መሰል ፕላስቲክ፣ አፎቱም ፕላስቲክ። ዋጋው በአሜሪካ ገበያ ከ20 ዶላር ብዙም አይርቅም። ነገር ግን ስለቱ በሁለቱም ጎን በአንድ ሰፊ ተዳፋት የተሳለ ነው። ይህ አሳሳል እንጨት ውስጥ በቀላሉ ይገባል። ሲደነዝም ቢሆን ያንኑ ተዳፋት ድንጋይ ላይ አስተኝቶ መሳል እንጂ ሌላ ጥበብ አይፈልግም። ገና የጀመረ ልጅ እንኳ አያበላሸውም። ዝገት የሚፈራ ሰው ከማይዝገው ብረት የተሠራውን ይወስዳል፤ ስለቱን በቶሎ ማውጣት የፈለገ ደግሞ ካርቦን የበዛበትን ይይዛል፣ ግን እየወለወለ ነው። አንድ ጉድለት አለው፤ የኮምፓኒየን ጅራት እስከ እጀታው መጨረሻ አይደርስም። ይህን ያዩ ገዢዎች ለዓመታት ሲነዘንዙ ኖረው ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2016 ጋርበርግ የተባለውን፣ ብረቱ እጀታውን ዘልቆ የሚወጣ ቢላዋ አቅርቧል። ዋጋው ግን እጥፍ ድርብ ነው።

ይህ ሁሉ ለምን ያስፈልጋል? ለእሳት ነው። ቀኑን ሙሉ ዝናብ በወረደበት ጫካ ውስጥ የተለቀመ ጭራሮ ክብሪት ቢያስጨርስ እንጂ አይነድም። የእንጨቱ ልብ ግን ደረቅ ነው። የአውራ ጣት ውፍረት ያለው እንጨት አቁሞ፣ ቢላዋውን አናቱ ላይ አሳርፎ፣ ጀርባውን በሌላ ዱላ ሲመቱት ለሁለት ይፈለጣል። ደግሞ ለአራት። ከውስጥ የወጣውን ደረቅ ፍልጥ ደግሞ በስለቱ ሳይቆርጡ ልጥ ልጥ እያደረጉ መላግ ነው፤ ፍቅፋቂው ተጠቅልሎ እንደ ዶሮ ላባ እንጨቱ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። አንድ ክብሪት ይበቃዋል። ሰንጢ ይህን ሥራ አይችልም፤ ጀርባው ላይ ዱላ ካረፈበት መጋጠሚያው ይሰበራል። በብርድና በዝናብ የሰውነቱ ሙቀት እየወረደ ላለ መንገደኛ እነዚህ አሥር ደቂቃዎች የሞት የሽረት ጉዳይ ናቸው።

እሳቱ ከተለኮሰ በኋላስ? እዚህ ላይ ነው ሁለተኛው ታሪክ የሚመጣው። ራልስተን እጁን ባጣበት በዚያው በ2003 ዓመት፣ ኦክቶበር 25 ቀን፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ በሳንዲያጎ አካባቢ አንድ አዳኝ ጫካ ውስጥ መንገድ ጠፋው። ፈላጊዎች ጭሱን አይተው እንዲያገኙት ብሎ መሬት ላይ እሳት ለኮሰ። አልተሳሳተም፣ አገኙት። እሳቱን ግን የሚያስቆመው ጠፋ። ሳንታ አና የሚባለው ደረቅ ንፋስ እያራገበው 110 ሺህ ሄክታር በላ፤ የአዲስ አበባን ስፋት ሁለት እጥፍ ማለት ነው። 15 ሰዎች ሞቱ፣ ከ2 ሺህ 800 በላይ ሕንፃዎች ወደሙ። ሴዳር ፋየር ተብሎ የተሰየመው ይህ ቃጠሎ ከ14 ዓመታት በላይ በካሊፎርኒያ ከተመዘገቡት ሁሉ በስፋት የመጀመሪያውን ደረጃ ይዞ ቆይቷል። አዳኙም ፍርድ ቤት ቀርቦ ጥፋተኛ ተብሏል።

ይህን ለመሰለ ጣጣ ነው ትንሿ የእንጨት ምድጃ የተፈጠረችው። ለአገራችን ሰው ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ በሦስት ጉልቻ ላይ የሚባክነውን እንጨት ለመቆጠብ «ምርጥ» የምትባለዋ የእንጀራ ምድጃ ከወጣች ዓመታት ተቆጥረዋል። የተራራዋ ምድጃ ግን ቦርሳ ውስጥ የምትገባ ቆርቆሮ ነች። ለምሳሌ ሶሎ ስቶቭ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የምትሠራዋ ትንሿ ምድጃ 255 ግራም ብቻ ትመዝናለች። ሁለት ግድግዳ አላት። አየር ከታች ባሉት ቀዳዳዎች ይገባል። ከፊሉ በቀጥታ ወደ ፍሙ ሲሄድ፣ ከፊሉ በሁለቱ ግድግዳዎች መሃል እየሞቀ ወጥቶ ከላይ ባሉት ቀዳዳዎች ነበልባሉ ላይ ይነፍሳል። ጭስ ማለት ገና ያልተቃጠለ ነዳጅ ነው፤ የሞቀው አየር ሲያገኘው እሱም ይነዳል። ስለዚህ ጭሱ ይቀንሳል፣ አመዱም ጭብጥ አይሞላም። እንደ ኩባንያው አባባል አንድ ሊትር ውሃ ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ባለው ጊዜ ታፈላለች። የምትበላው ደግሞ ጣት ጣት የሚያህል ጭራሮ ነው፤ ያንንም ቢላዋው ያዘጋጃል። እሳቱ ቆርቆሮ ውስጥ ስለሆነ ሣር አይነካም፣ መነሻ ሰዓት ሲደርስ ውሃ ማፍሰስ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2012 ገበያ ላይ የዋለው ባዮላይት ደግሞ ከእሳቱ ሙቀት ኤሌክትሪክ አመንጭቶ በዚያው ማራገቢያውን ያሽከረክራል፣ ሞባይልም ይሞላል። ሐሳቡ ያስደንቃል። ነገር ግን ክብደቱ አንድ ኪሎ ሊሞላ ምንም አይቀረው። በጀርባው ተሸክሞ ሽቅብ ለሚወጣ ሰው ያ የአንድ ቀን ምግብ ነው፤ ከሞባይሉና ከምሳው ይምረጥ።

በነገራችን ላይ ምድጃዋ ትንሽ ናት ተብሎ ድንኳን ውስጥ አይገባባትም። በየክረምቱ ቤት ዘግተው ከሰል ያቀጣጠሉ ሰዎች ላይ ምን እንደሚደርስ እዚህ አገር ለማንም አይነገረውም። ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ በድንኳንም ውስጥ ያው ነው፤ ከድንኳን ውጪ፣ ንፋስ ከሚከልል ድንጋይ ሥር ነው ቦታዋ። ቢላዋውንም በተመለከተ ውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችን አንድ ነገር ቢያውቁ ይበጃል። በእንግሊዝ ሕግ ያለ በቂ ምክንያት በአደባባይ መያዝ የሚፈቀደው የማይቆለፍና ስለቱ ከ7 ሴንቲ ሜትር ተኩል እምብዛም የማያልፍ ሰንጢ ብቻ ነው። ተራራ ወጣሁ ማለት ምክንያት ይሆናል፤ ከተራራ መልስ ኳስ ሜዳ ይዞ መግባት ግን ሌላ ጣጣ ነው። አውሮፕላን ላይም ከእጅ ሻንጣ ወጥቶ ከጭነቱ ጋር ይሄዳል።

ምድጃዋም ብትሆን የማትሠራበት አገር አለ። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2020 የኪሊማንጃሮ ተራራ ለቀናት ሲነድ፣ የታንዛኒያ ብሔራዊ ፓርኮች ባለሥልጣን በወቅቱ እንዳስታወቀው የመነሻው ምክንያት ለተጓዦች ምግብ ሲያሞቁ የነበሩ ተሸካሚዎች ነበሩ። ከዚያ በፊት በኤፕሪል 2019 የራሳችን የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ተቃጥሎ ከእስራኤል እሳት አጥፊዎች፣ ከኬንያ ሄሊኮፕተር ድረስ መምጣቱ የሚረሳ አይደለም። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1996 በአደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች ዝርዝር ገብቶ የወጣው ገና በ2017 ነበር።

ሰሜን ላይ ያለው እንጨት ደግሞ እንደ ስዊድን ጫካ የሚዛቅ አይደለም። ከሰንቀበር ሽቅብ ሲወጣ ዛፍ የሚባለው በአብዛኛው አስታ ነው። ብርዱ ስለማያሳድገው አንድ ክንድ ለመወፈር ዘመን ይፈጅበታል፤ ዋልያው የሚሸሸግበትም እሱው ነው። የፓርኩን ዛፍ መቁረጥም ክልክል ነው። በዚያ ላይ ጨነቅ ካምፕ ከባሕር ወለል 3 ሺህ 600 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው በ88 ዲግሪ ገደማ ነው። ውሃው ተፍለቀለቀ ማለት ምስር በሰለ ማለት አይደለም። እንጨት ይነድ ቢባል ስንት እስር ይበቃል? ስለዚህ ወደ ራስ ዳሽን የሚያቀና ሰው የእንጨት ምድጃዋን ጎንደር ላይ ትቷት፣ ጋዝ ወይም ቡታጋዝ በበቅሎ ጭኖ ይወጣል። የ20 ዶላሩ ቢላዋ ግን አብሮት ይሄዳል፤ ለጨነቅ እራት ድንች የሚልጥ፣ በቅሎዋ ዳገት ላይ ጭነቱ ሲዞርባትም ገመዱን በአንድ ምት የሚቆርጥ አይጠፋም።