ካቴና ከተለወጠ በኋላ ስለሚሰማ የሞተር ድምፅ

የሸጠው ዕቃ ተመልሶ ሲመጣበት በነጋዴ ላይ የሚደርሰውን ጭንቀት ይህን ሳምንታዊ ጽሑፍ የሚያነቡ ወገኖች ሁሉ ያውቁታል። ይልቁንም ዕቃው በሌላ ሰው እጅ ከተገጠመና ዘይት ከነካው በኋላ የተመለሰ እንደ ሆነ፣ ጥፋቱ የሠሪው፣ የሻጩ ወይም የጠጋኙ መሆኑን ለመለየት እጅግ ያስቸግራል። እኔ በአንድ የመለዋወጫ ዕቃ አስመጪ ዘንድ በጸሐፊነት የምሠራ እንጂ ሞተር ፈትቼ የማውቅ ሰው አይደለሁም። ነገር ግን ስለ አንድ ካቴና ሁለት ጊዜ ደብዳቤ መጻፍ ግድ ስለ ሆነብኝ፣ በዚሁ ምክንያት የተማርሁትን ለሥራ ባልደረቦቼ ላካፍል አሰብሁ።

ካቴና የምንለው በሞተሩ ፊት ለፊት በክዳን ተሸፍኖ የሚኖረው የብረት ሰንሰለት ነው። በፒስተኖቹ የሚዞረውን ክራንክ ሻፍት፣ ቫልቮላዎቹን ከሚከፍተው ካም ሻፍት ጋር ያያይዛል፤ የፊተኛው 2 ጊዜ ሲዞር የኋለኛው 1 ጊዜ እንዲዞር ያደርጋል። ይህ ልክ ከተዛባ በብዙ ሞተሮች ቫልቮላና ፒስተን ይጋጫሉ፤ ከዚያ ወዲያ ወጪው የካቴና መሆኑ ቀርቶ የሞተር ይሆናል። ካቴናው እንዳይላላ በዘይት ግፊት የሚሠራ መወጠሪያ፣ ጠጋኞቻችን ቴንሽነር የሚሉት፣ ከጎኑ ይገፋዋል። የነገራችን ሥር ያለው እዚህ ላይ ነው።

ደንበኛችን የቶዮታ ቪትዝ ባለቤት ነበር፤ ሞተሩ በኮሮላና በፕሮቦክስም የምናውቀው 1ኤንዜድ ነው። ካቴናውን ብቻ ገዛ። መወጠሪያውንና ካቴናው የሚንሸራተትባቸውን ጋይዶች አብሮ እንዲወስድ ቢጠየቅ «የነበሩት ደኅና ናቸው ተብያለሁ» አለ፤ እኛም አላስጨነቅነውም። በ4ኛው ቀን ተመልሶ መጣና «ከበፊቱ የባሰ ይጮኻል፤ የሸጣችሁልኝ ካቴና የማይረባ ነው» ብሎ በሌሎች ገዢዎች ፊት ተናገረ። አሠሪዬም ለውጭው አቅራቢ እንድጽፍ አዘዙኝ። እኔም «ካቴናው ጉድለት ያለበት መሆኑን አረጋግጠናል» ብዬ ጻፍሁ። ማንም ያረጋገጠ አልነበረም።

የመጣው መልስ ስለ ካሣ አንዳች ቃል የሌለበት፣ ጥያቄ ብቻ የሞላበት ነበር። ድምፁ የሚሰማው ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ነው ወይስ ከሞቀ በኋላ? ስንት ሴኮንድ ይቆያል? ነዳጅ ሲሰጠው ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል? መወጠሪያው አዲስ ነው ወይስ የቀድሞው? ከአራቱ አንዱን እንኳ መመለስ አልቻልሁም። አሠሪዬ ደብዳቤውን አንብበው «እንግዲያውስ ሂድና ስማ» አሉኝ።

መኪናው ወደ አንድ አዛውንት ጠጋኝ ጋራዥ ተወስዶ አደረና ጠዋት ሳይሞቅ ተነሣ። ካቴና ተለውጦ ሞተሩ መጀመሪያ ሲነሣ ለጥቂት ሴኮንድ የሚሰማ መንኳኳት የሚያስደነግጥ እንዳልሆነ፣ ይኸውም ባዶው መወጠሪያ በዘይት እስኪሞላ ድረስ መሆኑን ሽማግሌው ነገሩኝ። ይህ ግን በ5ኛው ቀንም አልተወም። የዘይቱን መለኪያ አውጥተው አዩ፤ ዘይት የጎደለ ወይም ከሚገባው በላይ የቀጠነ እንደ ሆነ መወጠሪያው ጉልበት አያገኝምና። ዘይቱ ደኅና ነበር። ቀጥለው ዲናሞውንና የውሃ ፖምፓውን የሚያዞረውን ቺንጋ ፈቱና ሞተሩን ለግማሽ ደቂቃ ያህል ብቻ አስነሡት። ድምፁ ጠፍቶ ቢሆን ኖሮ ጥፋቱ የዲናሞ ኩሺኔታ ወይም ከቺንጋው ጋር የሚዞር ሌላ ዕቃ ይሆን ነበር፤ ካቴናውም በከንቱ ተወቅሶ ይቀር ነበር። አልጠፋም።

ቺንጋውን መልሰው ከገጠሙ በኋላ ረጅም ካቻቢቴ አንሥተው ጫፉን በሞተሩ ላይ፣ እጀታውን በጆሯቸው ላይ አድርገው ከቦታ ቦታ አዳመጡ፤ ለእኔም ሰጡኝ። ከላይ በቫልቮላዎቹ ክዳን በኩል እንደ ሰዓት የተመጠነ ቀላል ምት አለ፤ ካልበዛ አያሠጋም። ከሥር ከባድ ምት ተሰምቶ መኪናው ጭነት ሲይዝ የሚብስ ቢሆን ብሮንዚን ተጎድቷል ያሰኛል። በፊት ለፊቱ ክዳን ግን ጠጠር በቆርቆሮ ውስጥ ሲናወጥ የሚመስል ድምፅ ሰማሁ፤ ነዳጅ ሲሰጡት ቀነሰ፤ ሞቆ በዝግታ ሲዞር፣ ማለት የዘይቱ ግፊት ዝቅ ሲል፣ ተመልሶ መጣ። ሽማግሌው «የተበላሸ ካቴና አይደለም፤ ያልተወጠረ ካቴና ነው» አሉ።

በዚህ ሞተር መወጠሪያው በመንጠቆ ተቆልፎ ይገጠምና ክራንክ ሻፍቱ ወደ ኋላ ጥቂት ሲዞር ይለቀቃል፤ ከዚያ ወደ ፊት አዙሮ ካቴናውን መግፋቱን ማየት ያስፈልጋል። ይህ የተረሳ እንደ ሆነ አዲሱም ካቴና እንደ አሮጌው ይጮኻል። ፊተኛው ጠጋኝ ግን ይህን አልረሳም። ክዳኑ ሲከፈት የቀድሞው መወጠሪያ በጣት ሲጫኑት ወደ ውስጥ የሚመለስ፣ ጋይዱም በካቴናው ተቦርቡሮ ቦይ ያወጣ ሆኖ ተገኘ። አሮጌውንና አዲሱን ካቴና በጠረጴዛ ላይ አጋድመን ብናስተያይ፣ የዓይናቸው ቁጥር እኩል ሆኖ ሳለ አሮጌው ይረዝም ነበር። አዲሱ አንዳች ነውር አልነበረበትም።

በአንድ ጥርስ ተዛብቶ የተገጠመ ካቴና ከመጮኽ ይልቅ አብዛኛውን ጊዜ የአነሣሥ ችግርና የጉልበት ማነስ ያመጣል፤ በመመርመሪያ መሣሪያም ሲታይ ፒ0016 የሚለው ቁጥር ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ጠንቃቃ ጠጋኝ ሞተሩን ከማስነሣቱ በፊት ክራንክ ሻፍቱን በእጁ 2 ዙር አዙሮ ምልክቶቹን እንደገና ያያል።

ነዳጅ የሚጠቀሙ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ባለቤቶች ያሏቸውን መኪናዎች ማቆየት ግድ ሆኖባቸዋል፤ ካቴና ፈላጊውም እንደሚበዛ እገምታለሁ። በእኔ አስተያየት ካቴና ያለ መወጠሪያና ያለ ጋይድ መሸጥ የለበትም፤ ክዳኑን ሁለት ጊዜ ማስከፈት የጠጋኝ ዋጋ ሁለት ጊዜ መክፈል ነውና። ገዢው ግን ይህን ስንነግረው ዕቃ ልናበዛበት የምንሻ ይመስለዋል። እውነቱን ለመናገር አንዳንዶቻችን እንደዚያ አድርገን ስለምናውቅ ጥርጣሬው ያለ ምክንያት አይደለም። የተበላውን አሮጌ ጋይድ በመደርደሪያው ላይ አስቀምጦ ማሳየት ከብዙ ንግግር ይሻላል፤ እኛ አሁን እንዲሁ እናደርጋለን።

አሠሪዬ መወጠሪያውንና ጋይዶቹን ለደንበኛው በመግዣ ዋጋቸው ሰጡት፤ የማስፈቻውን ገንዘብ እርሱ ከፈለ። ለአቅራቢውም «አረጋግጠናል» ያልነው ስሕተት መሆኑን ገልጬ ሁለተኛውን ደብዳቤ ጻፍሁ፤ ከፊተኛው ይልቅ ብዙ ሰዓት ፈጀብኝ። አራቱ ጥያቄዎች ዛሬ በአማርኛ ተጽፈው ከጽሕፈት ጠረጴዛዬ በላይ ተለጥፈዋል፤ ካቴና ይዞ የሚመለስ ሰው ሲመጣ ብዕር ከማንሣቴ በፊት እነርሱን አነብለታለሁ።