ሲከር ይበጠሳል፦ የካምቢዮ ቡሎን ስንት ይጥበቅ?

«ሲከር ይበጠሳል» ይላል ያገራችን ሰው። አባባሉን የምናነሣው ብዙ ጊዜ ጠብ ሲጋጋል ነው። እኔ ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት ግን ቃል በቃል ስለሚከር ነገር፣ ስለ ቡሎን ነው። የአገር ጉዳይ በሚነሣበት ዓምድ ላይ የቡሎን ወሬ ምን ይሠራል የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ታክሲ እየነዳ ልጆች የሚያሳድግ፣ ወይም ገንዘብ ልኮ ለወንድሙ ሚኒባስ ያስገዛ ሰው ግን ጉዳዩ ከኪሱ ጋር ምን ያህል እንደሚገናኝ እስከ መጨረሻው ቢያነብ ይረዳልኛል ብዬ አምናለሁ።

ነገሩን ያነሣሣብኝ የአንድ ወዳጄ ገጠመኝ ነው። ወዳጄ እንደ እኔው በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ይኖራል፤ እንጀራው መኪና መንዳት ነው። የአውቶማቲክ ካምቢዮውን ዘይትና ፊልትሮ በአንድ አነስተኛ ጋራዥ አስለወጠ። በሳምንቱ መኪናውን ከሚያቆምበት ቦታ ላይ የዘይት ጠብታ አየ። ተመልሶ ሄደ፤ መካኒኩ ከሥር ገብቶ ቡሎኖቹን አጠበቀለት። ሁለት ቀን ቆመ፤ በሦስተኛው ቀን ጠብታው ብሶ መጣ። እንደገና ሄደ፤ እንደገና ተጠበቀ። ሦስተኛ ጊዜ መካኒኩ ረዘም ያለ ቁልፍ ይዞ «አሁን ንቅንቅ አይልም» አለው። ከዐሥር ቀን በኋላ አውራ ጎዳና ላይ ሞተሩ እየጮኸ መኪናው አልሄድም አለ። ዘይቱ ፈስሶ አልቆ፣ ካምቢዮው ተቃጥሎ ነበር። ጥገናው ከሦስት ሺህ ዶላር በላይ ፈጀ፤ ያለ ሥራ የተቀመጠባቸው ሳምንታት ሳይቆጠሩ ማለት ነው።

ሲፈታ አብሬው ነበርኩ። ከካምቢዮው ሥር ያለው የዘይት መያዣ ሳህን ከስስ ቆርቆሮ የተሠራ ነው። ከንፈሩ በእያንዳንዱ የቡሎን ቀዳዳ ዙሪያ ወደ ላይ ጎድጉዶ፣ በሁለት ቡሎኖች መካከል ደግሞ ተንጋድዶ እንደ ማዕበል ሆኗል። ጓርኒሲዮኑ ከቀዳዳዎቹ ሥር ተጨፍልቆ ተቀዷል፤ በመካከል ግን ጨርሶ አልተነካም። ዘይቱ የሚያልፈው በዚያ ነበር። ቡሎኑ በጠበቀ ቁጥር ከንፈሩ ይበልጥ ይጣመማል፤ በተጣመመ ቁጥር ይበልጥ ያፈሳል፤ ባፈሰሰ ቁጥር ደግሞ መካኒኩ ይበልጥ ያጠብቃል። እንግዲህ የወዳጄን ካምቢዮ የገደለው መላላት ሳይሆን መጥበቅ ነው።

በመካኒኩ ለመፍረድ ግን አፌን ሞልቼ አልናገርም። እኔ ራሴ በምህንድስና ሁለተኛ ዲግሪዬን ይዤ፣ ቡሎን በወረቀት ላይ አስልቼ ፈተና ያለፍኩ ሰው፣ የመጀመሪያ መኪናዬን ዘይት ስለውጥ የማፍሰሻውን ቡሎን «ትንሽ ልጨምርለት» ብዬ የአሉሚኒየሙን ጥርስ ጠራርጌ አውጥቼዋለሁ። ስሌቱን ማወቅና እጅን መግዛት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ያን ቀን ተማርኩ።

ቡሎን ሞላ ነው

ለመሆኑ ቡሎን ሁለት ነገሮችን አጣብቆ የሚይዘው እንዴት ነው? ብዙዎቻችን ጥርሱ ስለሚነክስ ይመስለናል። እውነቱ ግን ሌላ ነው፤ ቡሎን ሲጠብቅ ይለጠጣል። ብረትም ቢሆን እንደ ላስቲክ ይሳባል፤ ልዩነቱ የሚሳበው በጣም ጥቂት መሆኑ ነው። የተለጠጠው ቡሎን ወደ ቁመቱ ለመመለስ ሲታገል ሁለቱን አካላት አንድ ላይ ይጫናቸዋል። የያዛቸው ይህ ትግል ነው። ሮበርት ሁክ የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1678 ያሳተመው ሕግ የሚለው ይህንኑ ነው፤ የሳብከውን ያህል ይስብሃል።

ሕጉ ግን ወሰን አለው። ከወሰኑ በታች የተሳበ ቡሎን ሲፈታ ወደ ቁመቱ ይመለሳል። ከወሰኑ ያለፈ እንደ ሰለለ ሞላ ረዝሞ ይቀራል፤ ከዚያ ካለፈ ይበጠሳል። በጣም የላላው ደግሞ በንዝረት ራሱን በራሱ ይፈታል። ልኩ ያለው በሁለቱ መካከል ነው፤ አምራቹ በማኑዋሉ ላይ የሚጽፈው ቁጥርም ያንን መካከል ለማግኘት ነው።

አንድ ምሳሌ በቁጥር እንይ። ውፍረቱ 8 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ራሱ ላይ 8.8 የተጻፈበት ቡሎን እንውሰድ። የመጀመሪያው 8 ብረቱ የሚበጠስበትን ኃይል ሲነግረን (800 ሜጋ ፓስካል)፣ ሁለተኛው 8 ደግሞ ከዚህ ውስጥ 80 በመቶው ላይ ሲደርስ ረዝሞ እንደሚቀር ይነግረናል። ይህ ቡሎን ደረቅ ሆኖ በ26 ኒውተን ሜትር ሲጠብቅ 16 ሺህ 500 ኒውተን ገደማ በሆነ ኃይል ይጨምቃል፤ ወደ 1,700 ኪሎ የሚጠጋ ክብደት ማለት ነው። አንድ የቤት መኪና ከነሹፌሩ እንደማንጠልጠል ቁጠሩት። ለዚህ ሁሉ ጉልበት የሚለጠጠው ግን፣ የሚጨምቀው ነገር ውፍረት 3 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ የአንድ ሚሊ ሜትር መቶኛ ሰባት ያህል ብቻ ነው። ከፀጉር ውፍረት አይበልጥም። እጅ ይህን ሊለካ ይችላል?

ቁጥሩ የሚዋሽበት ጊዜ

እዚህ ላይ ብዙ መካኒክ የማያውቀው፣ ብዙ መሐንዲስም የሚረሳው ነገር አለ። ቁልፉን ስንጠመዝዝ የምናወጣው ጉልበት ሁሉ ቡሎኑን አይለጥጠውም። በግምት ከመቶ 50 እጁ በቡሎኑ ራስ ሥር ባለው ሰበቃ ያልቃል፤ 40 እጁ በጥርሶቹ መካከል ባለው ሰበቃ ያልቃል። ቡሎኑን ለመለጠጥ የሚተርፈው 10 እጅ ያህል ብቻ ነው።

ይህ ማለት ሰበቃው ትንሽ ሲለወጥ ውጤቱ ብዙ ይለወጣል። ጥርሱ የዛገ ወይም የቆሸሸ ከሆነ መሣሪያው «ደርሷል» ይላል፤ ቡሎኑ ግን ገና አልተለጠጠም። በተቃራኒው ጥርሱን ዘይት ብንቀባው፣ ከላይ ያየነው ባለ 8 ሚሊ ሜትር ቡሎን በዚያው 26 ኒውተን ሜትር 22 ሺህ ኒውተን ያህል ሊደርስ ይችላል። ይኸውም ሊሸከም ከተፈቀደለት ጣሪያ ላይ ነው። ስለዚህ «ትንሽ ግራሶ ልቀባው፣ ነገ ለመፍታት ይመቻል» የሚለው ደግነት ማኑዋሉ ካላዘዘው በስተቀር ደግነት አይደለም። በጥሩ ቶርክ ሬንችም ቢሆን የቡሎኑ መለጠጥ ከታሰበው 25 በመቶ ያህል ከፍ ወይም ዝቅ ሊል ይችላል። ጥርሱን በሚገባ ማጽዳት ከመሣሪያው ዋጋ የማይተናነስ ጥቅም ያለው ለዚህ ነው።

ካምቢዮ ላይ ሲሆን

ካምቢዮ ለዚህ ስሕተት ከሌላው የመኪና አካል ይበልጥ የተጋለጠ ነው። ቤቱ የሚሠራው በአብዛኛው ከአሉሚኒየም ነው፤ ቡሎኑ ብረት ነው። አሉሚኒየም ከብረት ይልቅ ለስላሳ ነው፤ ሲሞቅም በእጥፍ ገደማ ይበልጥ ይሰፋል። ስለዚህ ከመጠን በላይ ሲጠብቅ ብዙውን ጊዜ የሚሸነፈው ርካሹ ቡሎን ሳይሆን ውዱ ቤት ነው።

የዘይት ሳህኑን የሚይዙት ትንንሽ ቡሎኖች በብዙ መኪናዎች ላይ 10 ኒውተን ሜትር ወይም ከዚያ በታች ነው የሚጠብቁት። በ20 ሳንቲ ሜትር ቁልፍ ጫፍ ላይ 5 ኪሎ ስኳር እንደማንጠልጠል ማለት ነው። ጎልማሳ ሰው በዚያው ቁልፍ ሳይጨነቅ 30 ኪሎ ይስባል፤ ይኸውም ከልኩ ስድስት እጥፍ ነው።

ካምቢዮውን ከሞተሩ ጋር የሚያገናኙት ቡሎኖች ግን ትላልቅ ናቸው፤ ልካቸውም ብዙ እጥፍ ይበልጣል። የእነሱ አደጋ ሌላ ነው። በአውቶማቲክ ካምቢዮ ላይ ቶርክ ኮንቨርተሩ እስከ መጨረሻው ገብቶ በዘይት ፓምፑ ላይ መቀመጥ አለበት። ሳይቀመጥ በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ክፍተት ይቀራል። መካኒኩ ክፍተቱን በቡሎን ጉልበት ስቦ ሊዘጋው ከሞከረ ክፍተቱ ይዘጋል፤ ፓምፑ ግን ውስጥ ውስጡን ተሰብሯል። ደንቡ ቀላል ነው። ሁለቱ አካላት በእጅ ተገፍተው ሙሉ በሙሉ ሊገጥሙ ይገባል። ካልገጠሙ አውጥቶ ምክንያቱን መፈለግ እንጂ ማጥበቅ መፍትሔ አይሆንም። ቡሎን የተገጠመውን ይይዛል እንጂ ያልተገጠመውን አይገጥምም።

እንግዲህ መኪናችሁን ራሳችሁ የምትሠሩ ወይም መካኒካችሁን አጠገቡ ቆማችሁ የምትከታተሉ ካላችሁ፣ እነዚህን ያዙ።

አንደኛ፣ ልኩን ከዚያው መኪና፣ ከዚያው ዓመተ ምሕረትና ከዚያው ካምቢዮ ማኑዋል ውሰዱ። «የቶዮታ ሁሉ አንድ ነው» አይባልም።

ሁለተኛ፣ መለኪያውን አስተውሉ። አሜሪካ ውስጥ ኢንች ፓውንድም ፉት ፓውንድም አለ፤ አንዱ ከሌላው 12 እጥፍ ይለያል። 10 ኒውተን ሜትር 88 ኢንች ፓውንድ ነው። 88ቱን ፉት ፓውንድ አድርጎ ያነበበ ሰው ቡሎኑን በጥሶ ግማሹን እዚያው ቀዳዳው ውስጥ ያስቀረዋል።

ሦስተኛ፣ ጥርሱንና ቀዳዳውን አጽዱ፤ አድርቁም። ወዲያ ማዶ ክፍት ባልሆነ ቀዳዳ ውስጥ ዘይት ከተጠራቀመ ቡሎኑ ሲገባ ዘይቱ መውጫ አጥቶ አሉሚኒየሙን ሊሰነጥቀው ይችላል።

አራተኛ፣ ቡሎኖቹን ሁሉ መጀመሪያ በጣት ጀምሩ። ከዚያ ማኑዋሉ ባዘዘው ቅደም ተከተል፣ ካላዘዘም ትይዩ ትይዩውን፣ በሁለት ወይም በሦስት ዙር አድርሱ። አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው መሄድ ሳህኑን ያጣምመዋል።

አምስተኛ፣ ቶርክ ሬንቹን እጀታው ላይ ይዛችሁ በዝግታ ሳቡ። «ቀጭ» ሲል አቁሙ። ለእርግጠኝነት ብሎ መድገም ልኩን ማሳለፍ ነው። ቡሎን ለመፍታት አትጠቀሙበት፤ ስትጨርሱም ወደ ዝቅተኛው ቁጥር መልሳችሁ አስቀምጡት።

ስድስተኛ፣ አፈሰሰ ብላችሁ በላዩ ላይ አታጥብቁ። ፍቱት፤ የሳህኑን ከንፈር በቀጥ ያለ ነገር ለኩት፤ ጓርኒሲዮኑን ለውጡት።

የዓይን ልክ

«መካኒክ የሠላሳ ዓመት ልምድ አለው፤ እጁ ያውቀዋል» የሚል መልስ ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። ልምድን አልንቅም። ነገር ግን ልምድ ያላቸው ሰዎች በዓይንና በእጅ ተማምነው የደረሰባቸውን ማስታወስ ይበጃል። እ.ኤ.አ. ሰኔ 10 ቀን 1990 ከበርሚንግሃም ወደ ማላጋ ይበር የነበረ የብሪትሽ ኤርዌይስ አውሮፕላን የፊት መስተዋቱ በአየር ላይ ተነቅሎ፣ ካፒቴኑ ግማሽ አካሉ በመስኮቱ ወጥቶ ነበር። ባልደረቦቹ እግሩን ይዘው፣ ረዳት አብራሪው አውሮፕላኑን አሳርፎ፣ ካፒቴኑ በሕይወት ተረፈ። ምርመራው የደረሰበት ነገር መስተዋቱ ከበረራው በፊት መለወጡን ነው። ከ90 ቡሎኖች 84ቱ ከሚገባው ከአንድ ሚሊ ሜትር ባነሰ ልዩነት ቀጭን ነበሩ። የገጠማቸው ሰው ልምድ የሌለው አልነበረም፤ አዲሶቹን የመረጠው ከአሮጌው ጋር በዓይን አስተያይቶ ነበር። ዓይኑ ያላየውን ልዩነት መለኪያ ያየው ነበር።

በነገራችን ላይ «ቡሎን»፣ «ዳዶ»፣ «ካምቢዮ»፣ «ፍሪሲዮን» የምንላቸው ቃላት ሁሉ ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። ቃሉን ከነመሣሪያው ተቀብለን ዛሬ የራሳችን አድርገነዋል። አዲስ አበባ በሄድኩ ቁጥር የማያቸው መካኒኮች ባላቸው ጥቂት መሣሪያ የሚሠሩት ሥራ ያስደንቀኛል፤ እዚህ ተጣለ የሚባለውን ሞተር እዚያ ነፍስ ይዘሩበታል። በገባሁባቸው ጋራዦች ውስጥ ያጣሁት ግን መለኪያውን ነው። አንድ በዕድሜ የገፉ መካኒክ ስለ ቶርክ ሬንች ስጠይቃቸው «ልጄ፣ ብናገኘው መች ጠላን» አሉኝ። እጃቸውን የሚተማመኑት ስለሚንቁት ሳይሆን ስለሌላቸው ነው።

እኛ ደግሞ ወደ አገር ቤት ስንሄድ ሻንጣችንን በሽቶና በጫማ እንሞላለን። ቤተሰብ ውስጥ መካኒክ ወይም ሚኒባስ የሚነዳ ወንድም ያለን ሰዎች፣ በመጪው ጉዟችን አንድ በኢንች ፓውንድ፣ አንድ በፉት ፓውንድ ሁለት ቶርክ ሬንቾች ብንጨምርስ? ኒውተን ሜትር የተጻፈበት ቢሆን ይመረጣል። የዚያን መኪና ማኑዋል አትመን፣ ልኮቹን በአማርኛ ጽፈን ብናስይዝላቸው ደግሞ ሥራው ሙሉ ይሆናል። ዋጋው ወዳጄ ለካምቢዮው ከከፈለው ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር አይገባም።

ወዳጄ አሁን ሥራው ላይ ነው። መኪናው ጋራዥ በገባ ቁጥር የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፤ «ልኩ ስንት ነው?» ጥያቄው መካኒኩን አያስቀይምም፤ ሥራውን የሚያውቅ መካኒክ እንዲያውም ደስ ይለዋል። የማያውቀው ደግሞ ማኑዋል ይገልጥ ይሆናል።

ቸር ይግጠመን።