መልክ፣ ጠባይ እና ራስን መቀበል

ውስጣዊ ውበት የሚባለው ደግነት፣ ትዕግሥት፣ ታማኝነት፣ ሰው አክባሪነትና የመሳሰለው ጠባይ ነው። «መልክ ታጥቦ አይጠጣም» የሚለው ተረት መልክ ብቻውን እንደማያኖር ይናገራል። ይሁን እንጂ ምክሩ ብዙ ጊዜ መልኩ አልሰመረም ለተባለ ሰው እንደ ማጽናኛ ስለሚቀርብ ሰሚው ከልቡ አይቀበለውም። ጠባይ ግን መልክን ጭምር የመለወጥ ኃይል አለው፤ ቢያንስ ባለቤቱን በቅርብ በሚያውቁት ሰዎች ዓይን።

ይህን ከፈተሹት መካከል ኬቨን ኒፊን እና ዴቪድ ስሎን ዊልሰን የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ይገኙበታል። እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት ጥናት፣ የአንድ ዩኒቨርሲቲ የጀልባ ቀዘፋ ቡድን አባላት አንዱ የሌላውን መልክ እንዲመዝን አድርገው ነበር። በቡድኑ ውስጥ ሥራ ላይ የሚለግም አንድ አባል ነበረ። ጓደኞቹ መልከ ጥፉ ነው አሉት፤ የማያውቁት ሰዎች ግን ይህን ያህል አስቀያሚነት አላዩበትም። በሌላ ክፍል ደግሞ ስድስት ሳምንት አብረው በአርኪዮሎጂ ቁፋሮ የቆዩ ተማሪዎች በመጀመሪያውና በመጨረሻው ቀን አንዳቸው ለሌላው መልክ የሰጡት ነጥብ ተለያይቶ ተገኘ። ታታሪና ተወዳጅ የሆነ ሰው ውሎ ሲያድር ቆንጆ ሆኖ ይታይ ነበር።

መልክንና ጠባይን የማቀላቀሉ ስህተት ወደ ሌላውም አቅጣጫ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣ የታወቀ ጥናት ተማሪዎች ፎቶግራፍ ብቻ አይተው፣ መልካቸው ያማሩት ሰዎች ጠባያቸውም፣ ሥራቸውም፣ ትዳራቸውም የተሻለ ይሆናል ብለው እንደሚገምቱ አሳይቷል። ጥሩ ወላጅ ይሆናሉ የሚል ግምት ግን አልተጨመረላቸውም። እዚያ ላይ እንኳን ሰው ትንሽ ጠንቀቅ ይላል ማለት ነው።

ሌሎች አንድን ሰው የሚያዩበት ዓይን እንዲህ ከተዛባ፣ ሰውየው ራሱን የሚያይበት ደግሞ ይብሳል። በአሜሪካ በዳርትማውዝ ኮሌጅ ሮበርት ክሌክ እና አንጀሎ ስትሬንታ የሠሩትና እ.ኤ.አ. በ1980 የታተመው ሙከራ ይህን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። በጥናቱ ለተሳተፉ ተማሪዎች በሜካፕ ፊታቸው ላይ ትልቅ ጠባሳ ይሣልላቸዋል። በመስታወት እንዲያዩት ይደረጋል። ከዚያ «ቀለሙ እንዳይሰነጣጠቅ» በሚል ሰበብ ክሬም ሲቀባ ጠባሳው ሳያውቁት ሙልጭ ብሎ ይጠፋል። ተማሪዎቹ ባዶ ፊታቸውን ይዘው ከማያውቁት ሰው ጋር ተጨዋወቱ። ከጨዋታው በኋላ ሲጠየቁ፣ አነጋጋሪያቸው በጠባሳው ምክንያት እንደተጨነቀና እንደ ታናሽ እንዳያቸው ተናገሩ። ቀላል አለርጂ እንዳለባቸው ብቻ ለአነጋጋሪያቸው ተነግሯል የተባሉት ሌሎች ተሳታፊዎች ግን እንዲህ አላሉም። በማንኛውም ጨዋታ ሰው ዓይኑን ይሰብራል፣ ያፈጣል፣ ዝም ይላል። ጠባሳ አለብኝ ብሎ ያመነ ሰው እነዚህን ሁሉ ከጠባሳው ጋር ያያይዛቸዋል።

ይሉኝታም ከዚህ ብዙም አይርቅም። ቶማስ ጊሎቪች እና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ጥናት፣ የሚያሳፍር ሥዕል ያለበት ቲሸርት ለብሰው ሰው ወደተሰበሰበበት ክፍል የገቡ ተማሪዎች ከክፍሉ ሰው ግማሽ ያህሉ ሥዕሉን ልብ እንዳለው ገመቱ። ልብ ያለው ግን ሩብ ያህሉ ብቻ ነበር። የቀረው ምናልባት የራሱን ሸሚዝ እያሰበ ይሆናል።

የውበት መለኪያው ራሱ ከውጭ ሊመጣ ይችላል። በፊጂ ደሴቶች በባህሉ ሞላ ያለ ሰውነት ይከበር ነበር። ናድሮጋ በተባለው አካባቢ ቴሌቪዥን የገባው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። ተመራማሪዋ አን ቤከር ያኔ የጠየቀቻቸው ልጃገረዶች ክብደት ለመቀነስ ብለው ራሳቸውን አያስመልሱም ነበር፤ ከ3 ዓመት በኋላ ከተጠየቁት ግን 11.3 በመቶ የሚሆኑት ይህን እንደሚያደርጉ ተናገሩ። ኢትዮጵያን ጨምሮ በብዙ አገሮች ገበያ የሚሸጡት ፊት የሚያቀሉ ክሬሞችም የዚሁ ዘመድ ናቸው። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ሜርኩሪ አለባቸው፤ ሜርኩሪ ደግሞ ኩላሊትን ይጎዳል። ጠይምነት በሽታ ሳይሆን መድኃኒት ተገኝቶለታል ማለት ይቻላል።

ለዚህ ሁሉ መፍትሔው ሰው ራሱን እንዲያደንቅ ማድረግ ነው የሚል እምነት አንድ ጊዜ በጣም ገንኖ ነበር። የካሊፎርኒያ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1986 በሕዝብ እንደራሴው ጆን ቫስኮንሴሎስ አነሳሽነት ለራስ የሚሰጥን ግምት የሚያሳድግ ግብረ ኃይል እስከ ማቋቋም ደረሰ። ወንጀልም፣ የዕፅ ሱስም፣ በትምህርት መውደቅም በዚህ ይቃለላሉ ተባለ። እ.ኤ.አ. በ2003 ሮይ ባውማይስተር እና ባልደረቦቹ የተከማቸውን ምርምር መርምረው ሲያቀርቡ ግን ተስፋው ከሸፈ። ለራሳቸው ከፍ ያለ ግምት ያላቸው ሰዎች ደስተኞች ናቸው፤ ግምቱን ከፍ ማድረግ ግን የተማሪን ውጤት አያሻሽልም። በአብዛኛው የሚቀድመው ጥሩ ውጤቱ ነው፤ ኩራቱ ይከተላል። ሙገሳም የራሱ ጣጣ አለው። ክላውዲያ ሙለር እና ካሮል ድዌክ እ.ኤ.አ. በ1998 እንዳሳዩት፣ «ጎበዝ ጭንቅላት አለህ» የተባሉ የ5ኛ ክፍል ልጆች ከባድ ጥያቄ ሲገጥማቸው «በርትተህ ሠርተሃል» ከተባሉት ቀድመው ተስፋ ቆረጡ፤ ስላገኙት ነጥብ የዋሹትም በእነሱ በኩል በርከት አሉ።

ራስን መቀበል ከራስ አድናቆት የሚለየው እዚህ ላይ ነው። አልበርት ኤሊስ የተባለው የሥነ ልቦና ሐኪም ሰው ሥራውን መመዘን እንጂ በሥራው ራሱን መመዘን የለበትም ይል ነበር። ፈተና የወደቀ ተማሪ ፈተናውን ወድቋል፤ ከዚህ ተነሥቶ «እኔ ከንቱ ነኝ» ቢል ከአንድ ወረቀት ላይ የማይነበብ ነገር አንብቧል። ካርል ሮጀርስ ደግሞ ለውጥ የሚጀምረው ሰው ያለበትን ሁኔታ እንዳለ ሲቀበል ነው የሚል አቋም ነበረው። ጉድለቱን የሚክድ ሰው የሚያርመው ነገር የለውም፤ በጉድለቱ ራሱን የሚረግም ሰውም ጉልበቱ ለእርግማኑ ያልቅበታል።

ራሱን የማይቀጣ ሰው ይሰንፋል የሚለው ስጋት ግን ተገቢ ጥያቄ ነው። በልጅ አስተዳደግም፣ በትምህርት ቤትም ቅጣትና ነቀፋ የብርታት ምንጭ ተደርገው ሲታዩ ኖረዋል። ጁሊያና ብሬንስ እና ሴሬና ቼን ይህንኑ ፈትሸውታል። እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመው ጥናታቸው ከባድ የቃላት ፈተና ላይ ውጤት ያጡ ተማሪዎች በየቡድኑ የተለያየ መልእክት ተሰጣቸው። ፈተናው ለብዙ ሰው እንደሚከብድና በራሳቸው ላይ መጨከን እንደሌለባቸው የተነገራቸው፣ ለሁለተኛው ፈተና ከሌሎቹ ረዘም ላለ ጊዜ አጠኑ። ሌሎቹ ያነሰ ያጠኑት ሰነፎች ስለሆኑ አይመስልም፤ ልዩነቱ የመጣው ሽንፈቱን ፊት ለፊት ማየት የሚችል ሰው ወደ መጽሐፉ ለመመለስ ስለሚቀለው ይመስላል።

ለራስ መራራትን በሚመለከት ምርምር ስሟ የሚነሣው ክሪስቲን ኔፍ ከምታቀርባቸው ልምምዶች አንዱ ደብዳቤ ነው። ሰውየው የሚያፍርበትን ነገር ይመርጣል፤ ከዚያ ነገሩ የደረሰው በሚወደው ጓደኛው ላይ ቢሆን ምን ይለው እንደነበር ለራሱ ይጽፋል። አብዛኛው ሰው ለጓደኛው የሚናገረው ለራሱ ከሚናገረው በጣም የለዘበ ነው። ልዝብነቱም እውነትን አይደብቅም፤ ጥሩ ጓደኛ «ይህን አስተካክል» ማለቱን አይተውም።

ልምምድና ምክር የማይበቃበት ሁኔታም አለ። አንዳንድ ሰው ሌላው ልብ የማይለውን የአፍንጫ ወይም የቆዳ ጉድለት እያሰበ በየቀኑ ሰዓታት ይፈጃል፣ መስታወት አሥር ጊዜ ያያል፣ ከሰው ይሸሻል። ይህ በሕክምና የታወቀ ሕመም ነው። አፍንጫን በቀዶ ሕክምና ማስተካከል ብዙውን ጊዜ አያድነውም፤ ሐሳቡ ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል ይዞራል። የሚረዳው የአእምሮ ሐኪም ወይም የሥነ ልቦና ባለሙያ የሚሰጠው የንግግር ሕክምና፣ እንደ ሁኔታውም መድኃኒት ነው።