ውሻ ካፌና ሱቅ ይግባ ወይስ አይግባ? ሁላችንም ልናውቃቸው የሚገቡ መብቶችና ግዴታዎች

በአሽዶድ ከተማ ውሻ የማይታይበት ቦታ የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። በባሕሩ ዳርቻ መንገድ፣ በየሮቫው ባሉ ካፌዎች በረንዳ፣ በሊፍት ውስጥ፣ በሱቅ ደጃፍ ውሻ በማሰሪያ ይዞ የሚሄድ ሰው ማየት የተለመደ ነው። ከተማችን ከሞሮኮ፣ ከጆርጂያ፣ ከቀድሞዋ ሶቭየት ኅብረት፣ ከፈረንሳይና ከኢትዮጵያ የመጡ ሰዎች አብረው የሚኖሩባት በመሆኗ ሁሉም ሰው ስለ ውሻ ያለው አመለካከት አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ ውሻውን እንደ ልጁ ያቅፈዋል። ሌላው ደግሞ ገና ከሩቅ ሲያየው መንገድ ይቀይራል።

በማኅበራዊ ሥራችን ከወላጆች በተደጋጋሚ ከሚቀርቡልን ጥያቄዎች አንዱ «ሰው የሚበላበት ቦታ ውሻ እንዴት ይገባል? ይህን የሚከለክል ሕግ የለም ወይ?» የሚል ነው። ወጣቶቹ በበኩላቸው «ወላጆቻችን ውሻ ለምን ይጠላሉ?» ይሉናል። ሁለቱም ጥያቄዎች ተገቢ ናቸው። ሆኖም ብዙ ሰው «ውሻ» ብሎ በአንድ ስም ስለሚጠራው ሦስት የተለያዩ ጉዳዮች ይደባለቃሉ። እነዚህም ማየት የተሳነውን ሰው የሚመራ ውሻ፣ የቤት ውሻ እና ያለማሰሪያ የተለቀቀ ወይም አደገኛ ውሻ ናቸው። ሕጉም ለሦስቱ የሚሰጠው መልስ የተለያየ ነው። በዚህ ጽሑፍ አንድ በአንድ ለማብራራት እንሞክራለን።

ፍርሃታችን ከየት መጣ?

በጎንደር ገጠር ያደገ ሰው ውሻን የሚያውቀው በጠባቂነቱ ነው። ውሻ በግና ከብትን ከጅብና ከነብር ይጠብቃል፣ ሌሊት ይጮኻል፣ የተረፈውን ይበላል፣ የሚያድረውም ከቤት ውጭ ነው። በከተማም ቢሆን የግቢ ውሻ ቀን ታስሮ ማታ ይለቀቃል። እንግዳ ሲመጣ ባለቤቱ ወጥቶ ውሻውን ሳይይዝ ግቢ መግባት የማይታሰብ ነው። ይህ ውሻ ሥራው ማስፈራራት ስለሆነ እሱን መፍራት ሞኝነት አልነበረም።

ከዚህም በላይ የእብድ ውሻ በሽታ ነበረ። በአዲስ አበባ ፓስተር ኢንስቲትዩት ይዘጋጅ የነበረው የድሮው ክትባት ለብዙ ቀናት በተከታታይ ሆድ ላይ የሚወጋ በመሆኑ፣ ስቃዩን ያየ ሁሉ ያስታውሰዋል። ከሐኪም ርቆ የሚኖረው ደግሞ ያለው ተስፋ የባሕል መድኃኒት ብቻ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚያሳየው ይህ በሽታ ዛሬም በየዓመቱ ወደ 59,000 የሚጠጉ ሰዎችን ይገድላል። አብዛኞቹ የሚሞቱት በአፍሪካና በእስያ ሲሆን፣ በሽታው ወደ ሰው ከሚተላለፍባቸው አጋጣሚዎች 99 በመቶ ያህሉ በውሻ አማካይነት ነው። እንግዲህ አንዲት እናት ሊፍት ውስጥ ውሻ ሲገባ ግድግዳ ላይ ተለጥፋ ብትቆም «ኋላ ቀር ናት» ብሎ መሳቅ ተገቢ አይደለም። ፍርሃቷ በምክንያት የመጣ ነው።

በሌላ በኩል እዚህ አገር ሁኔታው የተለየ መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል። በ2002 የወጣው የውሾች ቁጥጥር ሕግ ማንኛውም ውሻ ፈቃድ እንዲኖረው፣ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት እንዲሰጠውና ከቆዳው ሥር መለያ ቺፕ እንዲደረግለት ያስገድዳል። መንግሥት ለቀበሮና ለተኩላ መሰል የዱር እንስሳት ሳይቀር በምግብ ውስጥ የተደረገ ክትባት ከአውሮፕላን ያስበትናል። ይህም ሆኖ በሽታው ፈጽሞ አልጠፋም። በ2017 እና በ2018 በሰሜን እስራኤል በዱር እንስሳት ላይ በብዛት ታይቷል። ስለዚህ ማሰሪያ ይዞ የሚሄድ ጎረቤት ውሻ ብዙ የሚያሰጋ ባይሆንም ባለቤት የሌለው እንስሳ ግን ዛሬም ሊነካ አይገባም።

መሪ ውሻ፦ ይግባ አይግባ የሚባልበት አይደለም

ማየት የተሳነውን ሰው የሚመራ ውሻ በዕብራይስጥ «ኬሌቭ ነሒያ» ይባላል። በ1993 የወጣው ሕግ በመሪ ውሻ የሚታጀብ ዓይነ ስውር ለሕዝብ ክፍት ወደሆነ ቦታና ወደ ሕዝብ ማመላለሻ ከነውሻው የመግባት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ካፌ፣ ሱቅ፣ ባንክ፣ ቁፓት ሆሊም፣ አውቶቡስ ሁሉ በዚህ ውስጥ ይጠቃለላሉ። የሱቁ ባለቤት «እፈራለሁ»፣ «ደንበኞቼ አይወዱም» ወይም «እኛ ዘንድ ውሻ አይገባም» ብሎ መከልከል አይችልም። ከከለከለ ሕግ ጥሷል።

ይህ በተለይ ጤፍ፣ በርበሬና ሽሮ ለሚሸጡ፣ እንጀራ ለሚጋግሩና ምግብ ቤት ለከፈቱ ወገኖቻችን አስፈላጊ ነው። መሪ ውሻን ከደጅ መመለስ ማለት ሰውየውን ዓይንህን ደጅ አስቀምጠህ ግባ እንደማለት ነው። እኛ በቆዳችን ቀለም ምክንያት ከበር መመለስ ምን እንደሚመስል የምናውቅ ሕዝብ ነን። ስለዚህ ሌላውን ሰው በር ላይ ማቆም ከሁሉ በፊት ለእኛ ሊከብደን ይገባል።

መሪ ውሻ የሚለየው እጀታ ባለው የጀርባ ቀበቶው ነው። ብዙ ጊዜ ላብራዶር ወይም ጎልደን ሪትሪቨር ከሚባሉት ዝርያዎች ይመረጣል። ብዙ ሰው ውሻው መንገዱን ሁሉ የሚያውቅ ይመስለዋል። እንዲያ አይደለም፤ የት እንደሚሄድ የሚያውቀው ሰውየው ነው። ውሻው እንቅፋት ያስቀራል፣ ደረጃና የመንገድ ጠርዝ ላይ ይቆማል፣ አደጋ ካየ ደግሞ «ሂድ» ቢባል እንኳ እምቢ ይላል። በሥራ ላይ እያለ መደባበስ፣ መጥራትና ምግብ መስጠት አይገባም። ትኩረቱ ከተሰረቀ የሚወድቀው ሰውየው ነው። መናገር ከፈለግን ለውሻው ሳይሆን ለሰውየው እንናገር።

የመሪ ውሻ ሥልጠና በትምህርት ቤት ደረጃ የተጀመረው በ1916 በጀርመን አገር በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዓይናቸው ለጠፋ ወታደሮች ነበር። እስራኤል ውስጥ የሚገኘው ማሠልጠኛ በ1991 የተቋቋመ ሲሆን ከነስ ጽዮና አጠገብ በቤት ዖቬድ ይገኛል። ቡችሎቹ ከማሠልጠኛው በፊት አንድ ዓመት ያህል በፈቃደኛ ቤተሰቦችና በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ቤት ያድጋሉ።

ሃይማኖትን በተመለከተም ጥያቄ ይነሳል። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 11 እስራኤላውያን ከግብፅ በወጡበት ሌሊት ውሾች በእነርሱ ላይ እንደማይጮኹ ተጽፏል። ሚሽና ባባ ካማ ምዕራፍ 7 ደግሞ ሰው ውሻ ካሳደገ በሰንሰለት ማሰር እንዳለበት ያስተምራል። ይህ ዛሬ ስለ ማሰሪያ ከምንለው ብዙ አይርቅም። መሪ ውሻ ቤተ ክኔሴት መግባት ይችላል ወይ ተብለው የተጠየቁት ታላቁ ረቢ ሞሼ ፋይንሽታይንም ሰውየው ከጸሎት እንዳይቀር ሲሉ ፈቅደዋል።

የቤት ውሻ፦ መብት ሳይሆን ፈቃድ ነው

ለጓደኝነት የተያዘ የቤት ውሻ ጉዳይ ግን ሌላ ነው። የውሻው ባለቤት ወደ ግል ካፌ ወይም ሱቅ «ይግባልኝ» ብሎ ማስገደድ አይችልም። የሚወስነው የቦታው ባለቤት ነው። ምግብ የሚዘጋጅበት ክፍል ደግሞ ለማንኛውም እንስሳ ዝግ ነው። ስለዚህ አንድ የሱቅ ባለቤት «ውሻ ማስገባት ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ ቢለጥፍ መብቱ ነው። ከሥሩ «ከመሪ ውሻ በስተቀር» ብሎ መጨመሩን ግን መርሳት የለበትም።

ሌሎች አገሮችም በዚሁ ጉዳይ ሲወያዩ ቆይተዋል። በጀርመንና በፈረንሳይ ባለቤቱ ከፈቀደ ውሻ ምግብ ቤት ውስጥ ከጠረጴዛ ሥር ተኝቶ ማየት የተለመደ ነው። በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ከ2015 ጀምሮ ምግብ ቤቶች ከፈለጉ በውጭ በኩል ባለው መቀመጫቸው ውሻ እንዲቀበሉ ተፈቅዷል። እዚያው አሜሪካ የአገልግሎት ውሻ መሆኑ በግልጽ ካልታየ ሠራተኛው ሁለት ነገር ብቻ መጠየቅ ይችላል፦ ውሻው በአካል ጉዳት ምክንያት የሚያስፈልግ ነው ወይ? ምን እንዲሠራስ ሠልጥኗል? ስለ ሰውየው ሕመም ግን መመርመር አይፈቀድም። ይህ አሠራር ክብርን የሚጠብቅ በመሆኑ ከእሱ መማር ይቻላል።

የፈራ ሰውም መብት አለው

ውሻ የሚፈራ ሰው ዝም ብሎ መሸሽ የለበትም። በሕጉ መሠረት ከቤትና ከግቢ ውጭ ውሻ በማሰሪያ መያዝ አለበት፤ ማሰሪያውም ከ5 ሜትር መብለጥ የለበትም። የያዘውም ሰው ሊቆጣጠረው የሚችል መሆን አለበት። በ2004 በወጣው ደንብ አደገኛ ተብለው የተዘረዘሩት እንደ ፒትቡል፣ አምስታፍና ሮትዌይለር ያሉት ዝርያዎች ደግሞ በአደባባይ የአፍ መሸፈኛ (ማሕሶም) ማድረግ አለባቸው። ያለማሰሪያ የተለቀቀ ውሻ ያየ ሰው ወደ ዒሪያው 106 ስልክ መደወል ይችላል።

ብዙ ጊዜ ግን ስልክ መደወል ሳያስፈልግ አንድ ቃል ይበቃል። «ታሕዚክ ኤት ሀኬሌቭ ቃሮቭ፣ በቫካሻ» ማለት «እባክህ ውሻውን ቅርብ አድርገህ ያዝ» ማለት ነው። ለሴት ከሆነ «ታሕዚኪ» ይባላል። አብዛኛው ሰው ይህን ሲሰማ ማሰሪያውን ያሳጥራል። መጮኽና መሮጥ ግን ውሻውን ስለሚያነሳሳ ልጆቻችን ቆም ብለው እጃቸውን ወደ ታች አድርገው መቆየትን ቢለማመዱ ይሻላል።

ውሻ ቢነክስ ምን ይደረጋል?

ይህ ክፍል ከሁሉም ይበልጣል። አንዳንድ ልጆች እንዳይቆጧቸው ብለው የተነከሱትን ይደብቃሉ፣ አንዳንድ ወላጆችም ቁስሉ ትንሽ ነው ብለው ይተዉታል። የእብድ ውሻ በሽታ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ወር ተደብቆ ይቆያል። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን ሰው የለም ማለት ይቻላል። ክትባቱ በጊዜ ከተሰጠ ግን ይከላከለዋል። እንደ ድሮውም ሆድ ላይ አይወጋም፣ ክንድ ላይ ነው። ስለዚህ፦

አንደኛ፣ ቁስሉን ወዲያው በብዙ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ያህል ማጠብ። ሁለተኛ፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪም መሄድና ጉዳዩን ለጤና ጽሕፈት ቤቱ (ሊሽካት ሀብሪኡት) ማሳወቅ፤ ክትባት ያስፈልጋል አያስፈልግም የሚለውን የሚወስኑት እነርሱ ናቸው። ሦስተኛ፣ ከተቻለ የውሻውን ባለቤት ስምና ስልክ መያዝ። የነከሰ ውሻ 10 ቀን ተለይቶ በእንስሳት ሐኪም ክትትል ይቆያል። በ10ኛው ቀን ጤነኛ ከሆነ በነከሰበት ሰዓት በሽታውን እንዳላስተላለፈ ይታወቃል።

ብዙዎቻችን የማናውቀው ሌላ ነገር ደግሞ አለ። በእስራኤል የጉዳት ካሣ ሕግ የውሻ ባለቤት ውሻው በሰው አካል ላይ ላደረሰው ጉዳት ተጠያቂ ነው። ተጎጂው «ባለቤቱ ቸልተኛ ነበር» ብሎ ማረጋገጥ አይጠበቅበትም። ተጎጂው ውሻውን ራሱ ከተነኮሰ፣ ባለቤቱን ወይም ቤተሰቡን ካጠቃ ወይም ያለፈቃድ ወደ ግቢው ከገባ ግን ሁኔታው ይለወጣል። የሕክምና ወረቀትና የቁስሉን ፎቶግራፍ ማስቀመጥ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ዓይናቸው ለደከመ ወላጆቻችን

በማኅበረሰባችን በስኳር በሽታና በሌሎች የዓይን ሕመሞች ምክንያት የማየት ችሎታቸው የደከመ ሽማግሌዎች አሉ። ብዙዎቹ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ እጃቸውን ካልያዘ ከቤት አይወጡም። ልጅ ሥራ ሲሄድ ቀኑን ሙሉ ቤት ይውላሉ። እንዲህ ላለው ሰው በመጀመሪያ የዓይነ ስውርነት መታወቂያ (ቴዑዳት ዒቬር) እንዲያገኝ በዒሪያው የማኅበራዊ አገልግሎት ክፍል መጠየቅ ይገባል። ከዚያም በነጭ በትር ብቻውን መንቀሳቀስን የሚያስተምር ባለሙያ አለ። መሪ ውሻ የሚመጣው ከዚህ ትምህርት በኋላ ለፈለገውና ለሚችለው ሰው ነው።

ለአንድ የ75 ዓመት አባት ውሻ ቤት ይግባ ማለት ቀላል አይደለም፤ አይገደዱምም። ነገር ግን ልጆች «አባታችን ውሻ አይፈልግም» ብለው ሳይጠይቁ ባይወስኑላቸው እንመክራለን። ምርጫው እንዳለ ይነገራቸውና እርሳቸው ይወስኑ። ለወጣት ዓይነ ስውር ደግሞ መሪ ውሻ ሥራ ቦታና ትምህርት ቤት በራሱ እግር መድረስ ማለት ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ ይግባ ወይስ አይግባ?

የእኛ አስተያየት የሚከተለው ነው። መሪ ውሻ ሁልጊዜ፣ በሁሉም ቦታ፣ ያለ ክርክር ይግባ። የቤት ውሻ በካፌ በረንዳ ላይ በአጭር ማሰሪያ ቢቀመጥ ጉዳት የለውም፤ ሰዎች ተጠጋግተው በሚቀመጡበት የውስጥ ክፍል ግን ባለቤቱ የሚፈሩትንም ደንበኞች ያስብ። ምግብ ያለ መሸፈኛ በሚሸጥበት ሱቅ የቤት ውሻ ደጅ ቢቀር ይሻላል። እዚህ ላይ ግን በበጋ በአሽዶድ ፀሐይ ውሻን ደጅ ወይም መኪና ውስጥ አስሮ መቆየት በእንስሳው ሕይወት ላይ አደጋ መሆኑን ባለቤቶች አይዘንጉ። እንስሳን ማሠቃየትና መጣል ከ1994 ጀምሮ ባለው ሕግ ያስጠይቃል።

አባቶቻችን «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ሲሉ ታማኝነቱን መመስከራቸው ነው። ውሻ ማሳደግ የሚፈልግ ወጣት ታማኝነቱን ብቻ ሳይሆን ኃላፊነቱንም አብሮ ይውሰድ፤ ያስከትብ፣ ፈቃድ ያውጣ፣ በማሰሪያ ይያዝ፣ ቆሻሻውን ያንሳ። እናቱ ወደ ቤቱ ስትመጣ ደግሞ ውሻውን ቀድሞ ሌላ ክፍል ያስገባ። እናትም በበኩሏ ካፌ በር ላይ ቀበቶ ያደረገ መሪ ውሻ ስታይ መንገድ ትልቀቅለት፤ ከኋላው የሚሄደው ሰው እንደማንኛችንም ቡና ሊጠጣ የመጣ ነውና።